የአምቦዋ ጉማሬ ሦስት ቤቶች

ባለፈው ጥር የእህቴን ልጅ ስንድር ከአዳራሹ የመጨረሻ ረድፍ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስለማይታጠፍልኝ እግሬን የምዘረጋበት ቦታ እመርጣለሁ። መዘምራኑ ነጭ ሸሚዝና ወይን ጠጅ ከረባት አድርገው ይዘምራሉ፣ ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበሳል፣ ሙሽሪት ቬሎዋን በሁለት ልጃገረዶች አስይዛ ትገባለች። በዚህ መሀል ሹካዬ አመለጠችኝና ጎንበስ አልኩ። ምሰሶው ሥር፣ ሲሚንቶው የተፈረፈረበት በኩል፣ ሁለት ጣት የምታህል ሰማያዊ ሴራሚክ ብቅ ብላለች። ጥጓ በሰያፍ ተቆርጧል። ድሮ አንድ ገንዳ ስሠራ ሴራሚኩ አልበቃ ብሎን ጥግ ጥጉን በሰያፍ እየቆረጥኩ ያሟላሁት እኔው ነኝ፤ የገዛ እጄን ሥራ ደግሞ የትም ቢሆን አላጣውም። ክው አልኩ። አዳራሹ የገባንበት በር አዲስ ነው፣ መንገዱም በኋላ በኩል የተከፈተ ነው፤ ለዚህ ነው ያላወቅኩት። አሁን ግን በመስኮቱ የሚታየውን ሾላ አየሁ፣ ከሾላው ማዶ የሁሉቃን ወንዝ ገደል አየሁ። «ወይ ጌታዬ! የቦንቱ ገንዳ ላይ ነው እኮ የተቀመጥነው!» አልኩ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

«ቦንቱ ማናት?» አለኝ ጎኔ የተቀመጠው የሙሽራው ጓደኛ።

«ጉማሬ ናት። ቤቷ እዚህ ነበር።»

ልጁ ጓደኞቹን አየ፣ ጓደኞቹ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። «አባባ፣ ለስላሳው ነው እንዴ እንዲህ ያደረገዎት?» አለ አንደኛው። እኔ ሳቁ አልተጋባብኝም። ከነዚህ ልጆች ግማሾቹ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው መጥተው ቦንቱን አይተዋታል፤ አንዳንዶቹ ከአጥሩ ጋ የተነሡት ፎቶ ዛሬም እቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ያን ያህል ዘመን አላለፈም እኮ! አንድ ከተማ ያቺን የምታህል ጉማሬ እንዴት ይረሳል? ሙሽሮቹን ሳልመርቅ ወጥቼ ሾላው ሥር ቆምኩ።

እኔ ዋቅጅራ እባላለሁ፤ ትውልዴ ጊንጪ ነው፣ ግንበኛነቱንም ኑሮዬንም ያገኘሁት አምቦ ነው። ያ ዘመን፣ ዓመተ ምሕረቱን ተዉኝ፣ ሻይ በሁለት ብር የሚጠጣበት፣ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጫንበት ዘመን ነበር። ዩኒቨርሲቲው ልጅ ሞልቶት ሴቶቹ በፀሐይ ጃንጥላ ይዘው፣ ወንዶቹ እግር ላይ የሚጣበቅ ጂንስ አድርገው ከላይ እስከ ታች ይመላለሳሉ። መናኸሪያው ጥግ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ሱቅ ነበር፤ ባለቤቱ ከስልጤ የመጣ ደግ ሰው ነው፤ ከሱቁ በር ላይ የኦሮምኛ የሠርግ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀቃል፣ ባጃጆቹም እሱኑ ተቀብለው እያስጮሁ ወደ ጉደር መውጫ ይፈተለካሉ። ዛሬ ያ ሱቅ ባንክ ሆኗል። ሰው ሁሉ ዘፈኑን ኪሱ ውስጥ ይዞ ጆሮውን ደፍኖ ይሄዳል፤ ከተማው ጸጥ ያለ ይመስለኛል፣ ወይም እኔ ጆሮዬ ደክሟል።

በዚያን ጊዜ ኦቦ ሌሊሳ የሚባል የጣውላ ነጋዴ ከሁሉቃ ዳር ያለውን መሬቱን መናፈሻ አደረገው። አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፣ ጽጌረዳ ተከለ፣ ሁለት ጦጣ፣ አንድ ዔሊና አንዲት ሰው የማትወድ ሰጎን አመጣ። ሰጎኗ የስንት ሰው ባርኔጣ ነጥቃለች! አንድ ቀን ከወደ ቆላው፣ ጉደር ወንዝ ወደ ዓባይ ከሚወርድበት አገር፣ አንድ አይሱዙ መጣ። ጭነቱ ላይ በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይተነፍሳል። ጎርፍ እናቷን ወስዶባት ገበሬዎች ከአሸዋ ላይ ያገኟት የጉማሬ ጥጃ ናት አሉ። ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘ እሱና መዝገብ ቤቱ ያውቃሉ፤ እኔ የጠየቀኝ አጥር ነው። ጆንያውን ሲገልጡት ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ተርገበገቡ፣ ከዚያ አፏን ከፈተች። ወደ ኋላዬ ዘልዬ ሰጎኗ ላይ ወደቅኩ። እንዲህ ባለ ትንሽ ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ አፍ ይኖራል ብሎ ማን ይገምታል? ኦቦ ሌሊሳ ስሟን ቦንቱ አላት፤ ኩሩ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቤቷ ቤት ለማለትም ያሳፍራል። የባሕር ዛፍ አጣና ተከልኩ፣ በቆርቆሮ ከለልኩት፣ መሀሉን አስቆፍሬ ሸራ አነጠፍኩበትና ውሃ ሞላንበት። እንዲያውም «ለጥጃ መቼ አነሳት» ብዬ ነበር። በክረምቱ መጨረሻ ጥጃዋ ጥጃ አልነበረችም። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ቆርቆሮውን እንደ መጋረጃ ገልጣ ወጣችና በዋናው መንገድ አልፋ ጎመን ተራ ገባች። ሰው ጎመኑንም ልጁንም ጥሎ ሲሮጥ አንዲት ሴት ብቻ አልሮጠችም፤ ከጌዶ ጎመን እያመጣች የምትሸጥ አያንቱ የምትባል ሴት ነበረች። ጥቅል ጎመኖቿን ቦንቱ አንድ በአንድ ስትጨርሳቸው ቆማ አየች፣ የመጨረሻውን አነሣችና «ኮቱ! ነይ! ኮቱ!» እያለች ወደ መናፈሻው ሄደች። ጉማሬዋም ከኋላ ከኋላዋ። እኛ ገመድና ዱላ ይዘን መጥተን አፋችንን ከፍተን ቀረን። ኦቦ ሌሊሳ የጎመኑን ዋጋ ከፈለና እዚያው በቆመችበት ጠባቂ አድርጎ ቀጠራት።

ሁለተኛውን ቤት በአምቦ ድንጋይ ሠራሁት። ክብ ግንብ ነው፣ ወደ ውሃው የምትወርድበትም የምትወጣበትም ዘቅዘቅ ያለ አፈር ነበር። ውሃው ላይ ግን የአገሬ ሰው ብቻ የሚሠራውን ስሕተት ሠራን። በእኛ ዘንድ ከብት በየጊዜው ሆራ ይወርዳል፤ ጨው ጨው የሚለውን፣ የሚፍለቀለቀውን ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ጠጉሩ ያበራል፣ ሥጋው ይሞላል። «ለላም የሚበጅ ለጉማሬ ምን ሊላት!» ተባባልንና በበርሜል በበርሜል የሆራ ውሃ እያመጣን ኩሬዋን ሞላነው። በሳምንቱ ዓይኗ ቀላ፣ ቆዳዋ ተሰነጣጠቀ። ከዚያ አንድ ረፋድ ፀሐይ ላይ ወጥታ ቆማ ስናይ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀይ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ደም ነው! ጩኸታችን ከተማውን ሞላው። በር ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ተንበርክካ ጸለየች፣ እኔም ከጎኗ ተንበረከክኩ፤ ኦቦ ሌሊሳ ራሱን ይዞ «ገደልኳት! ገደልኳት!» ይላል። አንዲት ወጣት የእንስሳት ሐኪም ደርሳ አይታ ሳቀች። «ላቧ ነው። የጉማሬ ላብ ቀይ ነው፤ ከፀሐይ የሚከላከላት እሱ ነው» አለችን። ሆራውን ግን አስደፋችው፣ የወንዝ ውሃ ሙሉላት ብላ አዘዘች። ወር ሳይሞላ ቆዳዋ ተመለሰ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጉማሬ ላብ ለአላፊ አግዳሚው አስተማሪ ሆንኩ፤ ሰው ቀዩን አይቶ ሲደነግጥ «አይዟችሁ፣ ላብ ነው» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሰዉ ሲበዛ፣ ከጊንጪም ከእንጭኒም በመኪና እየተጫነ ሲመጣ፣ ኦቦ ሌሊሳ ሦስተኛውን ቤት አሠራኝ። ከዚህ ላይ ነው እኔ የምጠየቀው። አምቦ የመዋኛ ገንዳ ከተማ ናት፤ እኛ ውሃ ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን ሰማያዊ ሴራሚክ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ጥርት ያለ ጥግ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው መዋኛ ስጠግን ኖሬ አንድ እንኳ የራሴ የምለው ገንዳ አልነበረኝም። አሁን አገኘሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልያዝኩም። ግድግዳውን በቱንቢ ቀጥ አደረግኩት፣ ሴራሚኩን ክር ዘርግቼ ደረደርኩት፤ ጀንበር ስትገባ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ ሚስቴ እራት ቀረበ ብላ ሰው እስክትልክብኝ። አያንቱ ግን መጥታ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ መውጫዋ የታለ?» አለችኝ።

«ውሃው ሙሉ ነው። ራሷን አንሳፍፋ በዚህ በጠርዙ ትወጣለች።»

«ውሃው ቢጎድልስ? እንደ በፊቱ ዘቅዘቅ ያለ ነገር ቢያደርጉላት።»

«አያንቱ፣ ለአምቦ ግንበኛ ስለ ውሃ አታስተምሪ» አልኳት። ዘቅዛቃ ቢገባበት መስመሩ ይበላሻል፣ ሴራሚኩ ይቆራረጣል። ይኸው ነው ምክንያቱ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እሷም አንገቷን ደፋ አድርጋ «እሺ» አለች፣ ዳግመኛም አላነሣችብኝ።

ደግሞ ለጊዜው ትክክለኛው እኔ ነበርኩ። ቦንቱ ገንዳውን ወደደችው። ጠዋት ጠዋት ወለሉን እየረገጠች ከዳር ዳር ስትሄድ ከላይ ሆነን እናያታለን፤ አያንቱ ስትጠራት ብቅ ትላለች፣ ፊቷን ጠርዙ ላይ አስደግፋ አፏን ከፍታ ጎመን ትጠብቃለች። ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነበር። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺዎቹ አንገታቸው ላይ ካሜራ አንጠልጥለው እዚያው አጥበው ይሰጣሉ፤ ሙሽሮቹ ከፊት፣ የቦንቱ አፍ ከኋላ። የሀበሻ ቀሚሱ ጥልፍ ያኔ ሰፊ ነበር፣ የወንዶቹም ሱፍ ትከሻው ትልቅ፤ እንደ ዛሬው ሰውነት ላይ አይጠብም። የከተማው ሰው እኔን የጉማሬዋ ኢንጂነር ይለኝ ጀመር። በገበያ ሳልፍ «ኢንጂነር!» ሲሉኝ እየተቆጣሁ እስቅ ነበር፤ ውስጤ ግን ደስ ይለው ነበር።

ከዚያ ያ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጣ። ምን እንደነበረ የሚያውቅ ያውቃል፤ ሱቅ ተዘግቶ፣ መኪና ቆሞ፣ ሰው በር ዘግቶ የሚውልበት ሳምንት ነበር። መብራትም ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አያንቱ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ እየሮጠች ቤቴ መጣች። «ይድረሱ ኦቦ ዋቅጅራ! ቦንቱ ደረቅ ላይ ናት!» የገንዳው ማፍሰሻ መዝጊያ ተበልቶ ኖሮ ውሃው ሲሄድ አድሯል። ስደርስ ያየሁትን አልረሳም። ባዶ ሰማያዊ ገንዳ፤ ከሥሩ ያቺን የምታህል ፍጥረት በሴራሚኩ ላይ እግሯ እየተንሸራተተባት። ወደ ጥልቁ በኩል ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ አገጯን ግድግዳው ላይ ታሳርፋለች። ዝቅተኛው ግድግዳ ለእኔ ደረቴ ድረስ ነው፤ ለእሷ ተራራ ነበር።

መዝጊያውን በጆንያ ደፈንነው። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ የውሃ ቦቴ መንገድ ይፈልጋል። ከሰፈሩ አራት አምስት ሰው ቢጫ ጀሪካን ይዞ ከወንዙ እየቀዳ ገደሉን ወጣ፤ አያንቱ ጀርባዋ ላይ ታፈስላታለች፣ ውሃው ጀርባዋን እንዳራሰ ፀሐዩ ይመጠዋል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን ቀዩ ላብ መጣ።

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይስበሩት» አለችኝ አያንቱ።

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። በዚህ በኩል አፍርሰን ፍርስራሹን እንደልድለው፣ ረግጣው ትወጣለች።»

ሁለት ወር ሙሉ በክር የደረደርኩትን አየሁት። «ቆይ እስቲ፣ መብራት ይመጣል» አልኩ።

አምስት ሰዓት ላይ እንደገና መጣች። «ደም እየመሰለ ነው እኮ! ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

«ላብ ነው፤ ታውቂው የለም እንዴ? ላብ ነው» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጣውላ እናምጣ አልኩ፤ ጣውላው ከሥሯ ተሰበረ። አሸዋ በጆንያ እንሙላ አልኩ፤ አሥር ጆንያ አልሞላንም፣ እሷ እየተንሸራተተች በተነችው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሰዓት ሆነ። አያንቱ አልፎ አልፎ ወደ መኖ ቤቱ ትገባና ባዶ እጇን ትወጣለች። ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቦንቱ መመላለሷን ተወች። በጎኗ ተኛችና ጆሮዋን እንኳ ማርገብገብ አቆመች። ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው። «መዶሻ!» ብዬ ጮህኩ። አፌን ሳልዘጋ አያንቱ ትልቁን መዶሻ ይዛ ጎኔ ቆማለች።

ግድግዳው በግማሽ ሰዓት ፈረሰ። በግማሽ ሰዓት! ከጠዋት ጀምሮ የሳሳሁለት፣ የዕድሜዬ ሥራ ያልኩት፣ ሦስት ሰው እየተቀባበለ ሲመታው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዘቅዛቃ ሆነ። አያንቱ ገንዳው ውስጥ ወርዳ፣ ጎመን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ «ኮቱ፣ ኮቱ የኔ እናት» አለቻት። ቦንቱ ተነሣች። ፍርስራሹን ረገጠች፣ ተንገዳገደች፣ ወጣች። ሰው እልል አለ፤ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እስከ ሾላው ጥላ ድረስ ሄደች። እዚያ ተኛች፣ ጎመኑን አልነካችም፣ ወንዙ ከአጠገቧ እየተሰማ ጀንበር ሳትጠልቅ ሞተች።

እዚያው ገንዳው ውስጥ ቀበርናት፤ ያን የምታህል ፍጥረት ሌላ የት ትቀበራለች? አፈሩን ሁለት ቀን ሞላንበት። አዳራሹ ሲሠራ ማንም ይህን አልጠየቀም መሰለኝ፤ ሙሽሮች ዛሬ ኬክ የሚቆርሱት እሷ ላይ ነው። ኦቦ ሌሊሳ መናፈሻውን ሸጠ፣ ቆይቶም አረፈ። ለእኔ ሁሉም ሰው የሚያጽናና ነገር ነበረው። አንዱ መንገዱ ነው ይለኛል፣ አንዱ መብራቱ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ደግሞ እንስሳም ቀን አለው አሉኝ። ሁሉንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ያልጠየቅኩት አያንቱን ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ጠቅልላ ጌዶ ገባች፤ እኔም መጠየቁን ፈርቼ ይኸው እስካሁን ኖርኩ።

ከሠርጉ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጌዶ ሄድኩ። ገበያው ቆሟል፤ ከብት ተራውን አልፌ አትክልት ተራ ስደርስ ከሩቅ ለየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ክንዷ ግን ያው ነው፤ ጎመን ትከምራለች። ቀና ስትል አወቀችኝ፣ ብድግ አለች።

«ኦቦ ዋቅጅራ! አካም ጅርቱ? ደኅና ነዎት? ጉልበትዎስ?»

«ነጋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» በርጩማዋን ሰጥታኝ እሷ ቆመች። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጎመን ዋጋ፣ ስለ ሁሉም ጠየቅኳት፤ አፌ የመጣሁበትን ነገር አላወጣ አለኝ። በመጨረሻ «አያንቱ» አልኩ፣ «ያን ቀን ጠዋት ይስበሩት ስትዪኝ ብሰብረው ኖሮ፣ ትድን ነበር?»

እንደ ሌላው ሰው ቀን ነው፣ መብራት ነው ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ እንድትለኝ እንኳ በልቤ ለምኜ ነበር። እሷ የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች።

«ኤዬ፣ አዎ» አለች፣ «ትድን ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት እንኳ ብናወጣት ትድን ነበር።»

ገበያው እንደሚጮኽ አያለሁ፣ አልሰማውም። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«መዶሻው እኮ እኔ ጋ ነበር፣ ኦቦ ዋቅጅራ። መኖ ቤት ውስጥ። ሦስት ጊዜ ገብቼ እጀታውን ይዤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሰበርሽውም? ለምን አያንቱ?»

«እርስዎ ቆመው?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እርስዎን የሚያህል ትልቅ ሰው ቆይ እያለኝ፣ የገዛ ሥራውን ፊቱ ላይ እንዴት አፈርሳለሁ? አፈርኩዎት። እኔም በየቀኑ ይህንኑ ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። አንድ ነገር ብያለሁ፣ ይቅር በዪኝ ሳልላት አልቀርም፤ እሷም እጄን ይዛ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። ወደ አምቦ የሚመለሰው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ጢም ብሏል። ገና ስገባ ደብተሯን ያቀፈች አንዲት ተማሪ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«አባባ፣ ይቀመጡ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«ኧረ ይቀመጡ! ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ እንዴት እቀመጣለሁ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጅቷ ደነገጠች፣ ግን አልተቀመጠችም፤ አፍራኝ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። እኔም ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ጉደርን አለፍን፤ ማናችንም አልተቀመጥንም። ወንበሩ በመሀላችን ባዶውን አምቦ ገባ።